የአባቴን ፈረስ ለማን አደራ ልስጥ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የእኔ ጉዳይ ስለ ባል ወይም ስለ አማት አይደለም። ስለ ፈረስ ነው። እንዳይስቁብኝ አደራ።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት አዊ ውስጥ፣ ከእንጅባራ ትንሽ ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አባቴ ፈረሰኛ ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባልም ነበር። የፈረሰኞቹ በዓል የሚከበርበት ጥር 23 ሲቃረብ ለራሱ ልብስ ሳይገዛ ለፈረሱ ጌጥ ይገዛ ነበር። ዳማው የምንለውን ፈረሱን ያመጣው ታናሽ ወንድሜ በተወለደበት ዓመት፣ በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ፈረሱ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። አሁን 20 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ከመሞቱ በፊት “ፈረሴን ለጋሪ እንዳትሰጡብኝ” ብሎናል። እናቴ ብቻዋን ቀርታለች። ጉልበቷን በጣም ያማታል፣ ስኳርም አለባት። ከጥምቀት በኋላ እኔ ጋ ልትመጣ ነው። መሬቱን አንድ ጎረቤት በእኩል ያርሰዋል። ላሟና በጎቹ ይሸጣሉ። የቀረው ዳማው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። ከተማ ዳር የሚኖር የሩቅ ዘመዳችን “እንደ ልጄ አየዋለሁ” ብሎ ወሰደው። በነፃ ነው የሰጠነው። በሦስተኛው ወር ወንድሜ ገበያ ሄዶ ዳማው ጋሪ ሲጎትት አየው። ጀርባው ተልጧል፣ ጎድኑ ይቆጠራል። ወንድሜ እዚያው አስፋልት ላይ አለቀሰ። መልሰን አመጣነው። ከሰውዬው ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም።

አሁን የጠየቁን ሦስት ሰዎች አሉ። አንዱ ጉግስ የሚወድ የሰፈራችን ወጣት ነው። ለጥር በዓል ቸኩሏል። ሌላው የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው፣ አያ ነው የምንላቸው። ከ70 አልፈዋል፣ አንዲት ባዝራ፣ ሴት ፈረስ፣ አለቻቸው። “ካጣችሁ እኔ ጋ አምጡት” ብለዋል። ሦስተኛው ጋሪ ያለው ሰው ነው፣ ጥሬ ብር ይዞ መጥቷል።

እናቴ “ሽጡት፣ እንስሳ ነው፣ ሰውም ይሞታል” ትላለች። ይህን እያለች ግን በዚያ ጉልበቷ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ውሃ ታቀርብለታለች። ወንድሜ ሜዳ ላይ እንልቀቀው ይላል። እኔ ሁለቱንም አልቻልኩም። በነፃ እየሰጠሁ እንዴት አንድ ታማኝ ሰው ይጠፋል?

የዳማው ነገር ያሳሰባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ አልሳቅኩም። እኔም የገጠር ልጅ ነኝ፣ የሰሜን ሸዋ። አጎቴ ያረጀች በቅሎውን ሸጦ የተመለሰ ቀን ትዝ ይለኛል። ኮርቻዋን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ገባ። ብሩን ለአክስቴ ሰጣትና በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ለራት ሲጠራ “ጠግቤያለሁ” አለ። ከዚያ በኋላ ስለ በቅሎዋ ሲያወራ የሰማው የለም። ስለዚህ “እንስሳ ነው” የሚለውን ንግግር ስሰማ ቶሎ አላምንም። ወደ እናትሽ ኋላ እመለሳለሁ።

ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። “በነፃ እየሰጠሁ” ብለሻል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ላንቺ ዳማው ስጦታ ነው። ለሚቀበለው ሰው ግን ወጪ ነው። በሬ ሲያረጅ ተቀልቦ ይሸጣል። ላም ብትነጥፍም ሥጋዋና ቆዳዋ ዋጋ ያወጣል። ፈረስ በእኛ አገር አይበላም። ካረጀ በኋላ የቀረለት ገበያ ጋሪ ብቻ ነው። ጋሪውም ሲያቅተው ይለቀቃል። በየከተማው አስፋልት ዳር ቆመው የምናያቸው የከሱ ፈረሶች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ባለቤት ነበራቸው።

ዘመዳችሁ ያደረገውን አልደግፍም። “እንደ ልጄ” ብሎ ወስዶ ጋሪ ላይ ማሰር አደራ መብላት ነው። ታረቂው ልልሽም አልመጣሁም። ግን ሲወስደው ጀምሮ ሊያታልላችሁ አስቦ ነበር? እኔ እንጃ። የመጀመሪያው ወር በደስታ አልፎ ይሆናል። በሁለተኛው ወር መኖ አለቀበት። በሦስተኛው ሚስቱ ወይ ጎረቤቱ “ይሄ ፈረስ ዝም ብሎ ይበላል እንዴ?” ብለውት ይሆናል። አፉን ሰጣችሁት እንጂ ቀለቡን አልሰጣችሁትም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ቀጣዩ ሰው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን የሚጠብቀው ያው ሒሳብ ስለሆነ ነው።

አንቺ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነሽ፣ እስቲ እናስላው። የእኛ የደጋ ፈረስ 250 ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 5 ኪሎ ማለት ነው። በወር 150 ኪሎ። ክረምትና መስከረም ሣሩ ስላለ አይከብድም። የሚከብደው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። ያንቺ አገር ደግሞ እንደ ልጅነትሽ አይደለም። በፋግታ ለኮማና በዙሪያው ስንቱ መሬት ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ እንደተተከለበት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባትሽ ፈረስ ሲለቁበት የነበረው ሜዳ ዛሬ አለ?

ስለዚህ ዳማውን ስትሰጪ ቀለቡንም አብረሽ ስጪ። በጥሬ ብር ባይሆን እመርጣለሁ። ብር ገጠር ቤት ገብቶ ቀዳዳ አያጣም። ልጅ ይታመማል፣ ማዳበሪያ ይገዛል፣ ማንም ላይ መፍረድ አይቻልም። ድርቆሽ ግን ቢበዛ ባዝራዋ ብትካፈለው ነው። አሁን ኅዳር ላይ ነን፣ ሣር እየታጨደ ነው። ወንድምሽ ሳይውል ሳያድር አንድ ሁለት ክምር ይግዛ። መጋቢት ላይ ዋጋው ሌላ ነው። ከዚያ በየወሩ ፉርሽካና ጨው ትልኪያለሽ። ይህን ሁሉ ትችያለሽ ወይ? እናትሽን ልትቀበዪ ነው፣ የስኳር መድኃኒት አለ፣ የአዲስ አበባ ኑሮ አለ። ላሟና በጎቹ ይሸጣሉ ብለሻል። ከዚያ ብር ጥቂቱ ለዳማው ተለይቶ ቢቀመጥ ቤተሰቡ ይስማማል? ከወንድምሽ ጋር ስታወሩ ይህን ቀድማችሁ አንሱት። ፈረስ 25 ዓመት፣ አንዳንዱም 30 ሊደርስ ይችላል። የምታቅዱት ለአንድ በጋ አይደለም።

ማንንም ከማነጋገራችሁ በፊት ደግሞ ዳማው ራሱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እወቁ። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይየው። ከሁሉ አስቀድሞ ጥርሱን ይየው። የፈረስ ጥርስ በየጊዜው ከድዱ እየወጣ፣ እየተፋጨ ነው የሚያልቀው። ሲያረጅ ጠርዙ ይሾልና ጉንጭና ምላሱን ይቆርጠዋል። አንዳንዱም ይወልቃል። ሣር አኝኮ አኝኮ ሳይውጥ ድቡልቡል አድርጎ የሚጥል ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። ሰው አይቶት “አርጅቷል፣ ለዚያ ነው የከሳው” ይላል። ማኘክ አቅቶት ተርቦ ሊሆን ይችላል እኮ! የሾለ ጥርስ በሞረድ ይስተካከላል። ማኘክ ለሚያቅተው ደግሞ ፉርሽካውን በውሃ አርሶ መስጠት ነው።

አንድ ነገር ለሐኪሙ እንዳትደብቁ። ሦስት ወር ጋሪ ላይ እንደነበር ንገሩት። የጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛ አንድ ክፉ በሽታ አለ፣ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ ይሉታል። እግርና አንገት ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ያብጥና እየፈነዳ ይቆስላል። ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል። የአያ ባዝራ ጎን ከማሰራችሁ በፊት ቆዳው በደንብ ይታይ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባትም ጠይቁ። እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሐኪሙ ያገኘውን ሁሉ ለሚወስደው ሰው ሳትቀንሱ ንገሩ። ዕድሜውን መቀነስ የሚያምረው ሻጭ ነው፣ እናንተ ሻጭ አይደላችሁም።

አሁን ወደ ሰዎቹ።

ጋሪ ያለው ሰው ከሦስቱ የሚፈልገውን ፊት ለፊት የተናገረ ነው። ለዚህ አከብረዋለሁ። ግን የአባትሽ ቃል እዚህ ላይ ጥርት ያለ ስለሆነ አመስግናችሁ ሸኙት።

ወጣቱን አትጥሉት፣ ግን ዳማውን አትስጡት። ጉግስ እኮ ሙሉ ግልቢያ ነው። በዚያ ፍጥነት መታጠፍ፣ በዚያ ፍጥነት መቆም አለ። የ20 ዓመት ፈረስ እግር ለዚህ አይሆንም። እስቲ ይሉኝታ ሳይዛችሁ “ከጥር 24 ጀምሮስ የት ያድራል? ምን ይበላል?” ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ለማሰብ ጊዜ ከወሰደ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የእኔ ልብ ያደላው ወደ አያ ነው። ዳማውን ከአባትሽ ጋር ያውቁታል። ቤታቸው ባዝራ አለች፣ ፈረስ ደግሞ ብቻውን መቆም አይወድም። በዚያ ዕድሜያቸው የሚፈልጉት ፈረስ ካለ ቀስ ብሎ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ነው፣ ያን ደግሞ ዳማው ይችለዋል። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ሳትነግሪኝ ቀርተሻል። ዳማው ድንጉላ ነው ወይስ የተኮላሸ? ድንጉላ ከሆነ ከባዝራዋ ውርንጭላ ሊገኝ ይችላል። ያ ውርንጭላ ሙሉ በሙሉ የአያ ይሁን። በርቢ ከብት ሲሰጣጡ የኖሩ ሰዎች ይህን ቋንቋ ለመረዳት አይቸገሩም። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን ውለታ የሚውሉ አይመስላቸውም።

ግን “ካጣችሁ አምጡት” የሚለው ቃላቸው ትንሽ ያሳስበኛል። ደግነት ሊሆን ይችላል። ይሉኝታም ሊሆን ይችላል። የሟች ጓደኛ ልጅ ፊት ቆማ ስትለምን እምቢ የሚል ሽማግሌ አለ? ስለዚህ አንቺ አትጠይቂያቸው። ከማኅበሩ ሰዎች የአባትሽ እኩያ የሆነ አንድ ሰው ወይም የቤተሰቡ የንስሐ አባት ይሂዱ። “እውነት ይችሉታል? ካልቻሉ ማንም አይቀየምዎትም” ብለው ብቻቸውን ይጠይቋቸው። ሰው እምቢ ማለት የሚችልበት በር ሲከፈትለት ነው እሺታው የሚታመነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። በዚያ ቤት ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? አያ አይመስሉኝም። ምራታቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ነው። ለዳማው በቀን 20 ሊትር ገደማ ውሃ ማቅረብ ያለበት ያ ሰው ነው። እሺ ሲባል እሱ ወይም እሷ ነበሩ? ቡና ይዘሽ ስትሄጂ ከአያ ጋር ብቻ አትቀመጪ። ማጀት ግቢና ምራቲቱን አነጋግሪ። እሷ “ምን ቸገረኝ፣ ከባዝራዋ ጋር አጠጣዋለሁ” ካለች ግማሹ መንገድ አለቀ። ዝም ካለች ግን ዝምታዋን ስሚ። አያ ከ70 ማለፋቸውም አለ። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ዳማው የማን ይሆናል? ይህን ዛሬ ማንሳት ነውር ይመስላል፣ ግን ሽማግሌ ከወጣት ይልቅ ስለ ሞት ሲወራ አይደነግጥም። እሳቸው ራሳቸው “ልጄ እገሌ ይረከበዋል” ይሉሻል።

አንድ ሰው ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፣ አንቺ ግን አልቆጠርሽውም። መሬታችሁን በእኩል የሚያርሰው ጎረቤት። ዳማው ቤት መቀየሩ ቀርቶ፣ ያለበት በረት ውስጥ ሆኖ ይህ ሰው ቢያየውስ? ገለባውን በሙሉ እሱ ይውሰድ፣ ከእህሉም የእናንተን ድርሻ ቀንሱለት። በዚያ ልክ ለዳማው ቀለብና ውሃ ኃላፊ ይሆናል። ከመሬቱ ጋር ያለው ጥቅም እንዳይቋረጥበት ስለሚፈልግ ቃሉን የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። ዘመድ ይህ ምክንያት የለውም፣ ዘመድ ሁልጊዜ ይቅር እንደሚባል ያስባል። ሰውየውን ስለማላውቀው አልፈርድም። ልጆቹ በሬዎቹን እንዴት እንደሚይዙ ወንድምሽ ያውቃል። የበሬዎቹን ትከሻ ይይ።

ማንም ይሁን ማን፣ ውሉን በግልጽ ተነጋገሩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፣ አገራችሁም አደራ የሚከበርበት አገር ነው። ግን ባለፈው ጊዜ የሄደው “እንደ ልጄ” በሚል ቃል ብቻ ነበር። ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይቀመጡና በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። ዳማው የተሰጠው በውሰት ነው፣ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። ለጋሪ፣ ለጭነት፣ ለኪራይ አይሆንም። ለሦስተኛ ሰው አይተላለፍም። ቀለቡን እናንተ ታቀርባላችሁ፣ ሲታመም ደውለው ይነግሯችኋል፣ የሕክምናውን እናንተ ትከፍላላችሁ። የያዘው ሰው ከደከመው ያለምንም ቅያሜ መመለስ ይችላል፣ ግን 15 ቀን አስቀድሞ ይናገራል። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ አያታለሁ። ያ ዘመዳችሁ “አልቻልኩም፣ ውሰዱልኝ” ለማለት አፍሮ ይሆናል ጋሪ ላይ ያሰረው።

ኮርቻውን አትስጡ። ግላሱንና ጌጡንም አትስጡ። እሱ የአባትሽ ነው፣ ቤት ይቀመጥ ወይም ከእናትሽ ጋር አዲስ አበባ ይምጣ። ዳማው በማሰሪያ ገመዱ ብቻ ይሂድ። ሙሉ ዕቃ ያለው ፈረስ ሰው ሁሉ እንዲጋልበው ይጋብዛል፣ ለሽያጭም ያምራል። አያ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚጠቀሙበት የራሳቸው ኮርቻ አላቸው። የዳማውን ጀርባ እንዳይልጠው ግን መጀመሪያ ልኩ ይታይ።

ጥምቀትን አትጠብቁ። እናትሽ ገና እዚያው እያሉ ለአንድ ወር ሙከራ ይሂድ። እናትሽ በመኪና የሚሳፈሩበት ቀን ፈረሱን ማስረከብ ማለት፣ ነገሩ ካልተሳካ መመለሻ የሌለው ነገር መጀመር ነው። በዚያ ወር ወንድምሽ ሳይናገር ብቅ ይበል። ሰፈራችሁ ከእንጅባራ ሩቅ አይደለም። መንገዱ የማያስኬድበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ያኔ በቴሌግራም ቪዲዮ ይላኩልሽ። ፎቶ አትቀበዪ፣ ፎቶ ላይ ሁሉም ፈረስ ያምራል። ሲራመድ፣ ሲበላ፣ ከጀርባ በኩል ሆኖ ይቀረጽ። ጸጉር ሲረዝም ክሳትን ይደብቃል፣ ስለዚህ የሄደ ሰው ሁሉ በእጁ ጎድኑን ይዳስሰው። ጎድኑ ሲነካ መታወቅ አለበት፣ ከሩቅ መቆጠር ግን የለበትም።

እንደ ብሩክና ስፓና ያሉ ድርጅቶች አገራችን ውስጥ አሉ፣ ሰምተሽም ይሆናል። ብዙ ሥራ ሠርተዋል። ሥራቸው ግን በዋናነት የሚሠሩ የጋማ ከብቶችን ማከምና ባለቤቶቻቸውን ማስተማር ነው። ያረጀ ፈረስ ተቀብለው ይጦሩልኛል ብለሽ ተስፋ አታድርጊ።

የወንድምሽን ሐሳብ ላንሳ። “እንልቀቀው” ያለው ጨክኖ አይደለም። አስፋልት ላይ ያለቀሰ ልጅ ነው። ነፃ የሚያወጣው ይመስለዋል። ግን 20 ዓመት ከሰው እጅ የበላ ፈረስ ሜዳ ላይ ነፃ አይሆንም። ወደ ሰው ማሳ ይገባል፣ ይደበደባል። ሲደክም ደግሞ ማታ ማታ ጅቡ አለ። ይህን በዚሁ ቃል አትንገሪው፣ ግን አብራችሁ አስቡት። አንድ ቀን ዳማው የማይነሳበት ወይም ምንም የማይበላበት ጠዋት ይመጣል። ሐኪም መዳን እንደማይችል ከተናገረ በመርፌ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። መድኃኒቱ በየወረዳው ላይገኝ ስለሚችል ሐኪሙን ከአሁኑ ጠይቁት። ያን ቀን የሚወስነው ማን ነው? የያዘው ሰው ብቻውን እንዲሸከመው አታድርጉ። “ደውሉልኝ፣ እኔ እወስናለሁ” በይ። ይህንንም ወረቀቱ ላይ አስገቡት።

ስለ አባትሽ ቃል ደግሞ አንድ ነገር ልበል። “ለጋሪ እንዳትሰጡብኝ” ነው ያሉት። ከግቢ እንዳይወጣ አላሉም። ለሰው እንዳትሰጡትም አላሉም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ቃላቸውን ካሉት በላይ አስፍተሽ የተሸከምሽው መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ። እኛ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ብለን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሰዎች ነን። የናንተ ማኅበርም ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዓድዋን ፈረሶች ሲያስብ ኖሯል። ያ ሁሉ ፈረስ አርጅቶ እንዴት እንደሞተ ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም። አንቺ ሰው ብዙም ያልሄደበትን ነገር እያሰብሽ ነው፣ ግራ ቢገባሽ አይግረምሽ።

እናትሽ ጋ ልመለስ። ሌሊት 11 ሰዓት፣ በዚያ ጉልበት፣ ውሃ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋታቸውን የሚጀምሩት በዳማው ነው። ከቤታቸው፣ ከላማቸው፣ ከጎረቤታቸው ሊለዩ ነው፣ በዚያ ላይ እሱ አለ። “ሽጡት” የሚሉት ምናልባት አንቺን ላለማስቸገር ነው። ምናልባትም በየቀኑ እያዩት ከሚለዩት አንድ ጊዜ ቆርጦ መጨረስ ይሻላቸዋል። አላውቅም፣ አንቺም አልጠየቅሻቸውም። ዳማው የት ይሂድ በሚለው ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የትኛው ቤት ውሃ በሰዓቱ እንደሚቀዳ፣ የትኛው ልጅ ዱላ እንደሚያበዛ የሰፈር እናት ታውቃለች።

ዛሬ ማታ ደውዪላቸው። ስለ ጉልበታቸውና ስለ መድኃኒታቸው መጠየቅሽ አይቀርም፣ ጠይቂ። ከዚያ ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት “ዳማው ዛሬ እንዴት ዋለ?” በያቸውና ዝም ብለሽ አዳምጪ።